ሰሊጥ የማይበላው ሰው

ባለ ቆቡ ሰውዬ ሦስተኛው ምግብ ቤት ላይ ከአሸዋ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ሁለት ቤት አልፈዋል። ሰውዬው እስካሁን ዞር ብሎም አላየውም።

አሸዋ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር። ጠረጋው ቆም ብሎ ከኋላ የሚመጣውን ለማየት ነው።

የሚከተል የለም። ወይም የሚከተለው ሥራውን ያውቃል።

«አሸዋ» የመሥሪያ ቤት ስሙ ነው። ለዛሬ ግን የመነጽር ነጋዴ ነው፤ ለሦስት ቀን ሥራ መጥቶ፣ ቅዳሜን ከአገር ጎብኚዎች ጋር እየበላ ለማሳለፍ የተመዘገበ ሰው። ቦርሳው ውስጥ አሥራ ሁለት የመነጽር ፍሬሞች አሉ። ማን ሠራቸው፣ ከምን ተሠሩ ተብሎ ቢጠየቅ ሳይደናቀፍ ይመልሳል።

ከፊት ቢጫ ጃንጥላ የያዘች አስጎብኚ ትሄዳለች። ከኋላዋ ዘጠኝ ሰው ይከተላል። ሰፈሩ ድሮ የብረት ሠራተኞች ሰፈር ነበር። አሁን ብየዳ ቤቱ ኬክ ቤት፣ ጋራዡ ሻይ ቤት ሆኗል፤ ሥዕል ያልተሳለበት ግድግዳ የለም። ወጣቶች ለአንድ ዳቦ ግማሽ ሰዓት ይሰለፉና፣ ሲደርሳቸው ሳይቀምሱት ፎቶ ያነሡታል። ከቡድኑ መሀል ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ በእኛ ጊዜ እንኳ ዳቦ የሚበላ ነገር ነበር ብለው ሁሉንም አሳቁ። አሸዋም ሳቀ። ነጋዴ በደንበኛ ቀልድ መሳቅ ያውቃል።

ባለ ቆቡ አልሳቀም።

የምስጢር ስሙ «ደብተር» ነው። በዚህ አገር የደኅንነት ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራል። ዛሬ ጥፍር የምታክል ካርድ ይዟል። ካርዷ ላይ የአሥራ አራት ሰዎች ስም አለ። ሁሉም የአሸዋ ወገኖች ናቸው፤ በዚህ አገር ተደብቀው የሚሠሩና የተደረሰባቸው። ሰኞ ጠዋት ሊለቀሙ ነው። ከብዙዎቹ መሀል የተደረሰባቸው እነማን እንደሆኑ የምትናገረው ካርዷ ብቻ ነች። ዛሬ ከወጣች ይተርፋሉ።

ደብተር አሸዋን በመልክ አያውቀውም። መለያቸው ሰሊጥ ነው።

ጉብኝቱን የሚመዘገብ ሰው የማይስማማውን ምግብ ይጠየቃል። አሸዋ «ሰሊጥ፤ ከነካኝ ያፍነኛል» ብሎ ሞላ። ስለዚህ በየቤቱ የእሱ ምግብ ለብቻው ይሠራል፤ ሳህኑም እንዳይምታታ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ቀይ ክር የቀረበለት ሰው አሸዋ ነው። በአሸዋ መሥሪያ ቤት ይህ ሐሳብ ሲነሣ ሁሉም አጨበጨበ።

ሰሊጡ ሌላም ሥራ ነበረው። በመነጽር መያዣው ስፌት ውስጥ አንድ ክኒንና በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለ የተፈጨ ሰሊጥ አለ። በሩ ከተዘጋበት ክኒኑን ይውጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ከንፈሩ ያብጣል። ሰሊጡን ሳህኑ ላይ በትኖ ይወድቃል። አምቡላንሱ የራሳቸው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው አለቃው ይህን ሲያስረዳው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ነበር።

«ከሦስት ቀን በኋላ ዳነ ይባላል» አለው። «ማንም አይጎዳም።»

ሦስተኛው ቤት ስድስት ጠረጴዛ ያለው የድሮ ብየዳ ቤት ነው። ማድ ቤቱን ከመመገቢያው የሚለየው አንድ አጭር ግድግዳ ብቻ ነው፤ ባለቤቷ ከምድጃዋ ሆና ሁሉንም ታያለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የመሰለ ሴት ነች። አስጎብኚዋ «እትዬ» ነው የምትላት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና ሰሊጥ የማይበላው ማነው አለች።

አሸዋ እጁን አነሣ። እትዬ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ክንዱን ይዛ ወደ ማድ ቤቱ ወሰደችው።

«በዓይንህ እይ» አለችው። «ካላየህ እየፈራህ ነው የምትበላው።»

መደርደሪያው ላይ በቅመም ማሰሮዎች መሀል ባዶ ቦታ ነበር። ያለኝን ሰሊጥ ጠዋት ለጎረቤት ሰጠሁ አለችው። ድስቱን ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ አጥባዋለች። ማማሰያ ደግሞ አዲስ ነው ያወጣችው፤ እንጨት ነገር የነካውን አይለቅምና አሮጌውን አላመነችውም።

አሸዋ ይህን ያህል መድከም አልነበረብዎትም አለ። ከልቡ ነበር።

«ወንድሜን ንብ ነድፋው ነው የሞተው» አለች እትዬ። «አንዲት ንብ፣ ልጄ። ነደፈችኝ ብሎ ሲጮህ እኔ ስቄበት ነበር። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል።» ድስቱን ከደነችው። «ከዚያ ወዲህ ሰው አይስማማኝም ካለኝ አልስቅም።»

አሸዋ መሬት መሬት አየ። ሃያ ዓመት ሲዋሽ ኖሯል። የድንበር ጠባቂ ፊት ዋሽቷል፤ ሚኒስትር ፊት ዋሽቷል። ለውሸቱ ብላ ሰሊጧን የሰጠች ሰው ግን ገጥማው አታውቅም። ሴትዮዋ አንጀቱን በላችው።

ዛሬስ መያዣው አይከፈትም፣ አለ በልቡ። ካርዷን ተቀብዬ እንደ ሰው በልቼ፣ አመስግኜ እወጣለሁ።

የባቄላ ሾርባ ቀረበ። የእሱ ሳህን እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

አጠገቡ ያለው ወንበር ተንቀጫቀጨ።

«ይህ ቦታ ተይዟል?»

«ላልመጣ ሰው ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

ደብተር ተቀመጠ። የአፍ መጥረጊያ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ዳቦው ገፋ። አሸዋ ዳቦ አነሣ፣ ወረቀቱንም አነሣ፣ አፉን ጠረገ። ካርዷ በጥርሱና በጉንጩ መሀል ገባች።

አለቀ። ሦስት ሰከንድ።

ከዚያ ደብተር ቆቡን አወለቀ።

በሁለቱ ቤቶች አላወለቀውም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ፊት ቆሞ ላብ ሲያጠምቀው እንኳ አላወለቀውም። አሁን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ወዲያው በማዶው ጠረጴዛ ሙሽራው ካሜራውን አስቀመጠ።

ሙሽሮቹ። ጠዋት ከቡድኑ ጋር የተቀላቀሉ፣ አዲስ ተጋባን ያሉ ጥንዶች። ከጠዋት ጀምሮ ፎቶ ሲያነሡ ነበር፤ አሸዋ አሁን ገባው። በሮችን ነው ያነሡት። አንድም ጊዜ እርስ በርሳቸው አልተነሣሡም።

ሙሽራው ሄዶ የፊቱን በር ተደገፈ። በማድ ቤቱ በር በኩል የጋዝ ሲሊንደር ያንጠለጠለ ሰው ቆሟል። ሙሉ ሲሊንደር በሁለት ጣት አይንጠለጠልም።

ተሸጧል።

«ካርዷስ?» አለ አሸዋ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«እውነተኛ ናት። እጅ ከፍንጅ ነው የፈለጉህ።» ደብተር ዓይኑን ከሾርባው አላነሣም። «ልጄን ይዘውብኛል።»

አሸዋ ሊጠላው ሞከረ። ጊዜ አልነበረውም።

በሩ ተዘግቷል። አሥራ አራት ሰው ጉንጩ ውስጥ አለ። ከምድጃው ማዶ እትዬ አየችውና በእጇ ብላ፣ ብላ አለችው። እንዲጣፍጠው በዓይኗ ትጠብቃለች።

መነጽር መያዣውን ከፈተ።

ክኒኑ መራራ ነበር። ወረቀቱን በጠረጴዛው ሥር ቀደደው፤ ሳህኑ ላይ አንዴ አራገፈው። ከዚያ ማንኪያውን አነሣና እትዬ እየሳቀችለት ጎረሰ።

እንደተነገረው ሆነ። መጀመሪያ ጆሮው ጋለ፣ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ ከንፈሩ። የጠረጴዛውን ጨርቅ ይዞ ወደቀ። ሳህኑ አብሮት ወርዶ ተሰበረ።

ሙሽሪት ነርስ ነኝ እያለች ቀድማ ደረሰች። እጇ በቀጥታ ኪሱ ገባ። አንዱን ኪስ፣ ሁለተኛውን፣ የካልሲውን አፍ።

«ልቡን ነው ወይስ ኪሱን የምታክሚው?» አለች እትዬ፤ በዚያ ክንዷ ገፍትራ አነሣቻት። መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቱን ታፋዋ ላይ አደረገች። «አጥቤዋለሁ» ትላለች። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

አፍህን ክፈት፣ አየር ይግባ ብላ ለመነችው። አሸዋ ጥርሱን ነከሰ። ጣቶቿ ከንፈሩን ሊፈለቅቁ ሲታገሉ ይሰማዋል። እንባዋ ግንባሩ ላይ ጠብ አለ። ጥርሱን አጥብቆ ነከሰ።

አስተማሪው ስልክ ደወሉ። ሌሎቹ በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ ሰው እየቀረጸ ሙሽራው ሽጉጥ ማውጣት አልቻለም። አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ። አምቡላንስ በአራት ደቂቃ እንደማይደርስ ያሰበ አልነበረም። ሙሽራው ዘመዱ ነኝ፣ አብሬ ልሂድ አለ። ሐኪሙ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው።

ከበሩ መዘጋት በፊት አሸዋ መጨረሻ ያያት እትዬን ነው። የሳህኑን ስባሪ ይዛ ታሸታለች።

አሥራ አራቱም ወጡ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እሑድ ሲመሽ ድንበር ተሻገሩ። ቢሮ ውስጥ ተጨባበጡ፤ አሸዋንም አቀፉት። በአራተኛው ቀን ጋዜጣው ደረሰ። ጉብኝት ላይ ምግብ የመረዘው የመነጽር ነጋዴ ሞተ ይላል።

ጋዜጣውን ይዞ ጋሼ ቢሮ ገባ።

«ዳነ ይባላል ነበር ያሉኝ።»

«የዳነ ሰው ይፈለጋል» አለ ጋሼ። «የሞተን ማን ይፈልጋል?»

«ሴትዮዋስ?»

ጋሼ ሻዩን አማሰለ። «አሥራ አራት ሰው ነው» አለ።

መልስ ሊሆን ይችል ነበር። አሸዋ ግን ጋዜጣውን እስከ ታች አንብቦታል። መርማሪዎቹ ጠይቀዋት ነበር። በቤቴ ሰሊጥ አልነበረም ማለት ትችል ነበር፤ ሰሊጡን የተቀበለው ጎረቤት ሊመሰክርላት መጥቶ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነው የተጠራጠረችው። «በደንብ አላጠብኩት ይሆናል» ብላ ፈረመች። የንግድ ፈቃዷን ነጠቋት።

አሸዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በዓይኑ ሲያየው ጫማውን የሚያይ ሆነ።

ስድስት ወር አለፈ። ሌላ ሥራ ወደዚያው ከተማ መለሰው። አሁን ቀለም ቀቢ ነው። ጺም አሳድጓል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ መነጽር የለውም። ወደዚያ ሰፈር እንዳይሄድ ታዟል። ሄደ።

ቢጫ ጃንጥላዋ አሁንም አለች። አስጎብኚዋ አዲስ እንግዶች አስከትላ መጣች፤ የብየዳ ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ፈጠን ፈጠን እያለች አለፈች። በሩ ተቆልፏል። በሩ ፊት ባለ አግዳሚ ላይ እትዬ ተቀምጣ የሌሎች ምግብ ቤቶችን ሽርጥ ትሰፋለች። ክንዷ ከስቷል።

አሸዋ ፊቷ ቆመ። ለምን እንደቆመ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

ቀና ብላ አየችው። ልብሱ ላይ ያለውን ቀለም አየች፣ ፊቱን አየች። አላወቀችውም።

«ምን ፈለግህ ልጄ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልሞትኩም። ነገር ግን አሥራ አራቱ የወጡበት መንገድ አልተዘጋም፤ በዚህ ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎች ያልፉበታል። ሞተ የተባለው ሰው በሕይወት ከታየ ምርመራው እንደገና ይከፈትና መንገዱ ይዘጋል። አሸዋ ይህን አሰበ። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን አላስደሰተውም፤ ከጀርባው የሚደበቅበት ነገር ስላገኘ ነው ያፈረው።

«ውሃ» አለ።

እትዬ ስፌቷን አስቀምጣ ተነሣች። ከበሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ ብርጭቆ አጠበች። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። ደግማ አጠበችው። ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። ለሦስተኛ ጊዜ አጠበችው።

ከዚያ ሞልታ ይዛ ቆመች። ዓይኗ ፈራ።

«የማይስማማህ ነገር አለ?» አለችው።

ውሃ ነው። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ነው።

«የለም፣ እትዬ» አለ። «ሁሉም ይስማማኛል።»

እስኪጨርስ ድረስ ጉሮሮውን ስታይ ቆየች። ጨርሶ ብርጭቆውን መለሰላት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ዳቦ ለመግዛት ከተሰለፉት ሰዎች መሀል ገባ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እንደ እሱ ልብሳቸውን ቀለም የነካው ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም ስለነበሩበት ማንም ለይቶ አላየውም።