ጸሎት የሚያፍነው ሰው

የናሞካይ ደሴት አዋጅ ነጋሪ ሳኪዩሳ፣ መንደሩ ማታ ማታ ተሰብስቦ ከሚጸልይበት ከታላቁ ቤት ደጃፍ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአለቃውን የዘር ሐረግ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ቆጠሩ፤ ሙታንን አመሰገኑ፤ ባሕሩን ይቅርታ ለመኑ። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ከቆየ በኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦

«ምሳ ካሳቫ ነው።»

የሳቀ አልነበረም። ትናንትም ካሳቫ ነበር። ነገም ካሳቫ ነው፤ ምክንያቱም ደሴቲቱን እንደ አጥር የከበባት የኮራል ድንጋይ ያለው አንድ መግቢያ ብቻ ነው፣ እሱንም ማዕበሉ ዘግቶታል። ጀልባ አይገባም፤ ዓሣ አጥማጅም አይወጣም። የከረመ ዓሣ እንዳይበላ ደግሞ የበረዶውን ክፍል ታንዬላ ይዞታል።

ታንዬላ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ መቺ ነበር። ሞቶ፣ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ የሚጠቀለልበት ምንጣፍ ተሠርቶ አልቋል፤ ግን አስከሬኑ በዋና ከተማዋ በሱቫ ሳይመረመር አይቀበርም ስለተባለ፣ እሱም እንደ ሌላው ሰው ጀልባ ይጠብቃል።

ፖሊሷ ሳጅን ቪሊማይና ናት። ከሱቫ የመጣችው ትናንት፣ መግቢያው ሳይዘጋ በገባችው የመጨረሻ ጀልባ ነው። ከባድ ሴት ናት፤ ባሕር አይስማማትም። ስትወርድ ሳኪዩሳ የአቀባበል ንግግራቸውን እያሳሉ ሲያሰሙ አዘነችላቸውና፣ ከኪሷ አንድ ጥቅል የናና ከረሜላ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ እንደ ደንቡ አጨብጭበው አመሰገኑ። ከዚያ እሷ እስከ ጧት ድረስ ከአልጋ አልተነሣችም።

ጉዳዩ ሲሰሙት ቀላል ነበር። ታንዬላ አስም ነበረበት። አንድ ምሽት ትንፋሽ አጠረው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኬሌራ መርፌ ወጋችው። እጇ ላይ ሞተ። ዶክተር ሮሂቴሽ በሬዲዮ ለፖሊስ ደውሎ «ነርሷ መድኃኒት ተሳስታ ሰው ገደለች» አለ። አለቃው ራቱ አፔኒሳ ልጅቷን የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፉባትና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ጀልባ እንደገባች ኬሌራ ወደ ሱቫ እስር ቤት ትሄዳለች።

ቪሊማይና መጀመሪያ ወደ ዶክተሩ ሄደች። ከጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ወረቀቱ በነፋስ እንዳይወሰድ በየላዩ ዛጎል ጭኖ ተቀምጦ ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ሳጅን።»

«ግልጽ ነገር ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ምርምር። አዲስ ክኒን ነው፤ አንድ ክኒን ውስጥ ብዙ መድኃኒት። ልብንም ደም ሥርንም ይጠብቃል። ግማሹ ሕዝብ እውነተኛውን ይወስዳል፤ ግማሹ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ ግን ጠመኔ የሆነ ክኒን። ማን የትኛውን እንደሚውጥ እኔም አላውቅ፤ ሲድኒ ያሉት ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ከዚያ ሁለቱን ወገን ማወዳደር ነው።»

«ውጤቱስ?»

ዶክተሩ ፊቱ በራ። «ከዳር እስከ ዳር የሰው ሁሉ የደም ግፊት ወርዷል! ሲድኒ ሄጄ ለታላላቆቹ ላቀርበው ነው።»

«የሰው ሁሉ?»

«የሁሉም።»

«ጠመኔ የሚውጡትም?»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። «እነሱ... ጨው ቀንሰዋል።»

ቪሊማይና የበላችውን ካሳቫ አሰበች። የተቀቀለው በባሕር ውሃ ነበር።

«ታንዬላ ጥናቱ ውስጥ ነበር?»

«በፍጹም። ታንዬላና ጥናቱ አይተዋወቁም።»

«ማታ ማታ እርስዎ የት ያመሻሉ?»

«እዚሁ፣ ወረቀቴ ላይ። ታላቁ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ተመራማሪ ከሚመረመረው ሰው ጋር አይቀላቀልም።»

ይህን ሲል ጠጋ ብሎ ነበር። ከአፉ የናና ሽታ መጣ።

ቪሊማይና አመስግናው ተነሣች። ጧት ቁርስ ያቀረበችላት ሴት አፏ ናና ናና ይል ነበር። ውሃ የቀዳላት ሰውም እንዲሁ። ሳኪዩሳን ግን ስታገኛቸው አሁንም ያስላሉ።

«አባባ፣ ከረሜላው አልረዳዎትም?»

«በጣም ጥሩ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ማታ ታላቁ ቤት ውስጥ በድንጋይ ከስክሰን ለሰው ሁሉ አዳረስነው። ለእኔም ስባሪ ደረሰችኝ።»

«እርስዎ አልነበሩ የሚያስሉት?»

ሽማግሌው የቂል ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው በትዕግሥት ተመለከቷት። «ታዲያ ሌላው እያየ እኔ ብቻዬን ልበላ ነው?»

ወደ ትምህርት ቤቱ ወረደች። የዕቃ ቤቱ መስኮት በጣውላ ተመቷል። በስንጥቁ የልጅቷ ዓይን ይታያል።

«ምንድን ነው የወጋሽው፣ የኔ ልጅ?»

«የአስም ማስታገሻ ነው፣ እትዬ። ሁልጊዜ እሱኑ ነው የምወጋው፤ ሁልጊዜም ይነሣል። የዚያን ቀን ግን ውሃ የወጋሁት ያህል ነው።»

«ሳትወጊው በፊት እንዴት ነበር?»

«ታፍኗል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ልቡ ግን...»

«ልቡ ምን?»

«ቀስ ትላለች። የታፈነ ሰው ልብ ትጋልባለች እንጂ እንዲያ አትዘገይም። ለዶክተር ብነግረው "አንቺ ወግተሽው ነው የዘገየችው" አለኝ። እኔ ትርታውን ያዳመጥኩት ከመውጋቴ በፊት ነው ብል ማን ይስማኝ? ምስክር የለኝም።»

«ከጥናቱ ለምን ቀረ?»

«በአስሙ ነዋ! ክኒኑ ውስጥ ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ። ለልብ ደግ ነው። አስም ያለበት ሰው ላይ ግን ደረት ይዘጋል፤ የማስታገሻውንም ጉልበት ይሰብራል። ራሱ ዶክተር ነው "አንተ አይሆንልህም" ብሎ ያስወጣው። እንዲያውም ሰሞኑን የመጣው ክኒን መጠኑ ከፍ ብሏል፤ ዶክተር ነው ያስጨመረው።»

«ክኒኑን ማን ያድላል?»

«እኔ። ለእያንዳንዱ በስሙ በየጠርሙሱ። ጠርሙሱ ባዶውን ይመለሳል። አንዲት አያስተርፉም! እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም። የእኔ እናት ክኒኗን የአበባ ማሰሮ ውስጥ ነው የምትቀብረው። አበባው ጤነኛ ነው።»

ከስንጥቁ ወዲያ አጭር ሳቅ ተሰማ፤ ቶሎ ሞተ።

«ማታ ከመንደሩ ጋር ትጸልያለሽ?»

«የእኔ ሰንበት ቅዳሜ ነው፣ የእነሱ እሑድ። ብቻዬን ነኝ። የሌላ ደሴት ልጅ ነኝ፣ እትዬ። ለዚህ እኮ ነው እኔን መቆለፍ የቀለላቸው።»

የታንዬላ ሚስት ኡናይሲ ከቤቷ ደጅ ምንጣፍ ትታታለች። የባሏ ምንጣፍ ካለቀ ቆይቷል፤ እጇ ሥራ መፍታት ስላልቻለ ሌላ ጀምራለች።

«ሕመሙ መቼ መቼ ነበር የሚነሣበት፣ እህቴ?»

«ማታ። ከጸሎት በኋላ። መንደሩ ይስቅበት ነበር፤ "አንተን ጸሎት ነው የሚያፍንህ፤ ሆድህ ውስጥ ያለው ሰይጣን አሜን አይወድም" ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ትንፋሽ ሲመለስለት።»

«በየማታው?»

«አይደለም። አንዳንዱን ማታ ደህና ያድራል፤ አንዳንዱን ይታፈናል። ሰሞኑን ግን ባሰበት።»

«የሞተ ዕለት እጁን ይዘሽው ነበር?»

«ነርሷ እስክትመጣ ይዤዋለሁ። የደም ሥሩ ጣቴ ሥር ነበረች። እንደ ቀብር ከበሮ... አንድ ትመታለች። ትቆያለች፣ ትቆያለች። ደግሞ አንድ።»

«ነርሷ ሳትመጣ?»

«ሳትመጣ።» ኡናይሲ ቀና አለች። የተናገረችው ነገር የት እንደሚደርስ ያን ጊዜ ገባት፤ ሁለት እጆቿን ምንጣፉ ሥር ከተተቻቸው። «ሌላ የማውቀው የለም።»

ቪሊማይና አለቃውን ስታገኛቸው፣ አንዲት ሲጋራ ከእሳቸው ተነሥታ በወንዶቹ አፍ ሁሉ ዞራ ወደ እሳቸው እየተመለሰች ነበር።

«ራቱ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ጀልባ ሲመጣ።»

«እስከዚያ ልጅቷ ትታፈን?»

«ሁላችንም እዚሁ ነን፣ ሳጅን» አሉ ራቱ አፔኒሳ፣ ነጭ አረፋ ወደሚተፋው ድንጋይ አገጫቸውን ቀስረው። «ከእኛ መካከል ወዴት መሄድ የሚችል ማን አለ?»

«እንግዲያው ሁላችሁንም ታላቁ ቤት ሰብስቡልኝ። እሷንም ጨምራችሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሰበሰቡ። ነፋሱ የሣሩን ጣሪያ ያራግፈዋል። ኬሌራ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ማንም አላያትም። ዶክተሩ እንደ እንግዳ ቆሞ ሊቀር ሲል ሳኪዩሳ ቦታ ለቀቁለት፤ በእሳቸውና በአለቃው መካከል ተቀመጠ።

«እናንተ የምታውቁትን ነው የምናገረው» አለች ቪሊማይና። «የታንዬላ ልብ የዘገየችው ከመርፌው በፊት ነው። ሚስቱ በጣቷ ቆጥራዋለች። ስለዚህ መርፌው አይደለም። የታፈነን ሰው ልብ የሚያዘገይ፣ ደረቱን የሚዘጋ፣ ማስታገሻውን ውሃ የሚያደርግ ነገር ደግሞ እዚህ ደሴት ላይ አንድ ብቻ አለ። ክኒኑ።»

«ታንዬላ ክኒን አይሰጠውም ነበር!» አለ ዶክተሩ።

«ነርሷ አልሰጠችውም። ታዲያ ከየት አገኘ? እኔ ላንድ ሰው ከረሜላ ሰጥቼ መንደሩ ሁሉ ናና ሲሸት አደረ። እዚህ አንዱ እየበላ አንዱ አያይም። ዶክተሩ ጠርሙስ ሲያድል ለግማሹ መድኃኒት፣ ለግማሹ ጠመኔ ነው አለ። እናንተም አሰባችሁ፤ ጎረቤቴ ጠመኔ እየዋጠ እኔ እንዴት መድኃኒት እውጣለሁ? ስለዚህ ቀላቀላችሁት። ማታ ከጸሎት በኋላ ለሁሉም እኩል ታድላላችሁ፤ አንዳንዱን ማታ ጠመኔው ይደርሳል፣ አንዳንዱን መድኃኒቱ። የሁሉም ግፊት የወረደው ለዚህ ነው። ታንዬላም አንዳንዱን ማታ ብቻ የሚታፈነው ለዚህ ነው።»

ራቱ አፔኒሳ በዝግታ ተናገሩ። «እዚህ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ጠርሙስ ይውጣል። ቃል ገብተናል።»

«የየራሳችንን!» አሉ ሳኪዩሳ። «የየራሳችንን» አለ ሕዝቡ።

«ገባኝ» አለች ቪሊማይና። «ቃሉ ፈረሰ ከተባለ ጥናቱ ይሄዳል። ጥናቱ ሲሄድ ጤና ጣቢያውም፣ የጀልባው ነዳጅም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የባዕድ ልጅ ብትሄድ ይሻላል አላችሁ። ለታንዬላ ያካፈላችሁት ወዳችሁት ነው፤ ክኒኑ አይሆንለትም መባሉን የነገራችሁ የለም፤ እሱም የተሰጠውን እንቢ ማለት አላደገበትም። በዚህ ማንንም አላስርም። አደጋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን ነበር። ራሱ ነው ያስወጣው። ሲካፈል እያየ ዝም አለ፤ ውጤቱ አምሮለታልና። ዝም ማለቱ ሳያንሰው መጠኑን አስጨመረ። ሰው ሲሞት ደግሞ ጣቱን ወደ ኬሌራ ቀሰረ።»

ዶክተሩ ተነሣ። «ግምት ነው! ሲካፈሉ አላየሁም። እዚህ ቤት ዛሬ ነው የገባሁት!»

«ዶክተር እዚህ ገብቶ አያውቅም» አሉ ራቱ፣ ምንጣፉን እያዩ። ኬሌራ ፊቷን በጉልበቷ መካከል ቀበረች።

ቪሊማይና ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይሁን። ማስረጃ የለኝም። መሽቷል፤ ራቱ፣ እኔ አላስቀራችሁ፤ የማታው ጸሎት ይድረስ። ታንዬላም ይታሰብ።»

ሁሉም ቀለል አላቸው። ዶክተሩ እንኳ ተመልሶ ተቀመጠ። ከውጭ ሌላ ሰው ከበሮውን መታ፤ አመታቱ ቅጥ አልነበረውም። ሳኪዩሳ ጸለዩ። ከአለቃው ቅድመ አያት ጀመሩ፤ በማዕበሉ አለፉ፤ ታንዬላ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጥቂት አልቅሰው ቀጠሉ። ጸሎቱ ረዘመ። ማንነቱን፣ የት እንደተቀመጠ፣ ምን ሲክድ እንደዋለ ሰው ሁሉ እስኪረሳ ረዘመ።

«አሜን» አሉ።

«አሜን» አለ ቤቱ፤ መዳፎችም ሁሉ፣ እንደ ማታ ማታው ልማድ፣ በየጉልበቱ ላይ ወደ ላይ ተገለበጡ።

ኬሌራ ብቻ እጆቿን እንዳጣመረች ነበረች፤ ምን ሊታደል ነው ብላ ግራና ቀኝ ታያለች። ኡናይሲ የዘረጋችው ሁለቱንም መዳፏን ነው፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን በደጅ ከበሮው ሥር ይቀመጥ ለነበረው ባሏ። በሳኪዩሳና በራቱ አፔኒሳ መዳፍ መካከል ደግሞ አንድ ለስላሳ፣ በሳሙና ብዛት የነጣ መዳፍ፣ እንደ ሌሎቹ ተዘርግቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

እጁን ቀድሞ ሊያጥፍ የደፈረ አልነበረም።