የፍጻሜው ጨዋታ በእንግሊዝኛ

«ዘ ቦል ኢዝ... ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዘ ሆቴል!»

ጦቢያ ይህን ያለችው ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ነው። ውሸት አልነበረም። ኳሷ የትምህርት ቤቱን አጥር ዘላ አጠገቡ ያለው ሆቴል ግቢ ገብታለች፤ የሆቴሉ ጥበቃ እስኪመልሳት ጨዋታው ቆሟል። ሜዳውን የከበበው ተማሪ ግን ጎል የገባ ይመስል «ዬዬዬ!» ብሎ ጮኸ። በዚያን ቀን ጦቢያ ምንም ትበል ምን፣ በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ይጨበጨብላት ነበር።

የእንግሊዝኛ ቀን ነው። የስምንተኛ ክፍል ሴቶች የእግር ኳስ ፍጻሜ፣ 8ሀ ከ8ለ፣ በእንግሊዝኛ እንዲተላለፍ የወሰኑት የእንግሊዝኛ መምህሯ ሚስ ሲምረት ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነው፦ «አንድ የአማርኛ ቃል ከአፍሽ ከወጣ ማይኩን እቀማሻለሁ።» ሳትቀማ ከጨረሰች ትምህርት ቤቱን ወክላ ለክፍለ ከተማው የእንግሊዝኛ ውድድር ትሄዳለች። ጦቢያ መሄድ ፈልጋለች፤ ኧረ በጣም ፈልጋለች! እናቷማ ከአሁኑ «ልጄ አልፋለች» ብላ ካዛንቺስ ያለውን መሥሪያ ቤቷን አዳርሳለች።

ችግሩ፣ ቃላቱ ቶሎ አለቁ። ሚስ ሲምረት ያስጠኗትን የስፖርት ውድድር ቃላት ገና ከእረፍት በፊት ጨረሰቻቸው። ተመልካቾቹን ስፔክቴተርስ ብላለች፤ ተጋጣሚዎቹን ኦፖነንትስ ብላለች። አንዷ ልጅ በመስመር በኩል ስትከንፍማ «ራነር አፕ! ራነር አፕ!» ብላ ጮኸች፤ ቃሉ ሁለተኛ የወጣ ማለት መሆኑ ትዝ ያላት ሚስ ሲምረት ግንባራቸውን ሲይዙ ነው። ከዚያ በኋላ ያየችውን ብቻ ማውራት ጀመረች። «ሺ ኢዝ ታየርድ። ኸር ሹ ኢዝ ኦፕን።» ተመልካቹ አበደ።

«ጦቢ፣ ቀውጢ ነሽ በቃ!» አለቻት ሲፋን በእረፍት ሰዓት፣ ውኃ እየተጎነጨች። ሲፋን የ8ሀ አጥቂ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከጦቢያ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። «ሳገባ ስሜን በእንግሊዝኛ ጥሪልኝ፣ እሺ?»

«ስምሽ በእንግሊዝኛም ሲፋን ነው እኮ።»

«ማለቴ... አንቺ ደግሞ! ገብቶሻል!»

ባዶ ለባዶ ሊለያዩ ጥቂት ሲቀራቸው ከማዕዘን ኳስ ተሻማ። ሲፋን ዘለለች። የ8ለ በረኛ ኢፍቱም ዘለለች። ጦቢያ የምታስተላልፍበት ጠረጴዛ ከጎሉ ጎን ስለሆነ ሁሉንም ቁልጭ አድርጋ አየችው። የሲፋን ጭንቅላት ኳሷን አላገኛትም፤ እጇ አገኛት። ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች።

ዳኛው፣ የስፖርት መምህሩ ቲቸር አስገዶም፣ በተጫዋቾች ተከልለው ምንም አላዩም። ጎሉን አጸደቁ።

ጦቢያን አፏ ቀደማት። «ኖ! ሺ ስኮርድ ዊዝ ኸር ሃንድ! ዊዝ ኸር ሃንድ!»

በእጇ አገባችው ማለቷ ነው። ማን ልብ ይበላት! «ዬዬዬዬ!» አለ ግቢው። አንዱ ነገረኛ «ዊዝ ኸር ሃንድ! ዊዝ ኸር ሃንድ!» እያለ ዘፈን አደረገው፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ተቀበሉት። ሚስ ሲምረት ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚከታተሉት ኳሱን ሳይሆን ሰዋስውን ነው፤ ጎንበስ ብለው «እንዴት ያለ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር! ቀጥዪ!» አሏት።

ኢፍቱ ብቻ ዳኛውን እየተከተለች «እጅ ነው! ቲቸር፣ በናትዎ፣ እጅ ነው!» ትላለች። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማን ይስማት።

ሲፋን እየሮጠች መጥታ ጦቢያ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አየሽኝ አይደል?» አለቻት ጆሮዋ ሥር።

ጦቢያ ማይኩን በመዳፏ ሸፈነች። «አየሁሽ። ተናገርኩ እኮ!»

«ሰማሁ።» ሲፋን ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አንቺ ተናግረሻል፤ እነሱ አልገባቸውም። በቃ፣ የኛ ጥፋት አይደለም። ዝም በይ፣ በናትሽ!»

ነገሩ ለአፍታ ጣማት። እውነትም ተናግራለች፤ በማይክ፣ ያውም በትክክለኛ ሰዋስው። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ዝም ካለች ውድድሩም አለ፣ ጓደኛዋም አለች፣ ዋንጫውም የክፍላቸው ነው። ግን ወደ ጎሉ ዞር ብላ አየች። ኢፍቱ ጎሉ ሥር ቁጭ ብላ በጓንቷ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ተማሪው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘፍንባታል። የዘፈኑን ቃል የሰጠቻቸው ደግሞ ራሷ ጦቢያ ናት። በጣም አፈረች።

ሲፋን ወደ ሜዳው ስትመለስ ጦቢያ መዳፏን ከማይኩ ላይ አነሳች።

«ቲቸር አስገዶም» አለች። «ኳሷን በእጇ ነው ያስገባቻት። አይቻለሁ።»

አማርኛ! ዘፈኑ ተቋረጠ። ዘፋኙ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቲቸር አስገዶም ዞረው መጀመሪያ ጦቢያን፣ ቀጥሎ ሲፋንን አዩ። ሲፋን አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች። ቲቸር አስገዶም ሌላ ማስረጃ አልጠየቁም፤ ፊሽካቸውን ነፍተው ጎሉን ሻሩት።

ሚስ ሲምረት እጃቸውን ዘረጉ። «ሕግ ሕግ ነው፣ ጦቢያ» አሉ፤ ሊያለቅሱ የደረሱ ይመስሉ ነበር። «ያን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ!»

«ይቅርታ፣ ሚስ።» ማይኩን ሰጠቻቸውና ወደ መስመሩ ዳር ሄደች።

«እንዳታናግሪኝ!» አለች ሲፋን ገና ስታያት።

«እሺ፣ አላናግርሽም። ገና ሰዓት አለ፤ በእግርሽ አግቢያት።»

«እንዳታናግሪኝ አልኩሽ እኮ!»

ከጨዋታው በኋላ ሲፋን እስከ ኦሎምፒያ ድረስ ስትሰድባት እንደምትሄድ ጦቢያ ታውቃለች። ቢሆንም ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ፣ አብረው ወደ ቤት እንዲሄዱ ልትጠብቃት መስመሩ ዳር ቁጭ አለች።