የቀበሮው ትሎች ወደ እኔ ዞሩ

ፈጠራ ነው የምትሉኝ ካላችሁ መብታችሁ ነው፣ እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው። ዛሬ ነው የሆነው። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ አክስቴ የምትሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ።

የአክስቴ ሥራ ትል ነው።

በቃ ትል። የሞተ የዱር እንስሳ ያመጡላታል፣ አንጀቱን ትተረትራለች፣ ውስጡ ያለውን ትል ዓይነቱን ለይታ ትመዘግባለች። "ገና ስም ያልወጣላቸው ስንት አሉ መሰለሽ" ትለኛለች። ሰው ስለ ፍቅረኛው እንኳ እንዲህ አያወራም።

ዛሬ መኪና የገጨው ቀበሮ ነበር። ሽታው... አፍንጫዬን በክንዴ ሸፈንኩ።

አንጀቱ ውስጥ ነጭ፣ ቀጭን፣ ረጅም ነገር ይርመሰመሳል። ከእንግዲህ ፓስታ በአፌ አይዞርም።

"እንደዚህ ዓይነት አይቼ አላውቅም" አለች አክስቴ በሹክሹክታ፣ ትሎቹን ሳህን ላይ እየለቀመች። በዚያ ሙቀት ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባለች። "ሚጢዬ፣ ሳህኑ ላይ ሙቅ ውሃ አፍስሺባቸው። በሙቅ ከሞቱ ይዘረጋሉ። በቀዝቃዛ ከሞቱ ተጠቅልለው ይቀሩና ምን እንደሆኑ አይለይም። ሌላ ቀበሮ ደግሞ የለኝም።"

እሺ አልኳት።

ግን አንዱ ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግ... ቀፈፈኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄ የገባውን ቀዝቃዛ አልኮል ደፋሁባቸው።

አለቀ፣ የአክስቴን ልፋት ገደል ከተትኩት ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ።

አልተጠቀለሉም።

ቀጥ ብለዋል። ሁሉም። ጭንቅላታቸው ወደ እኔ።

ሳህኑን አዞርኩት... ቀስ ብለው ዞሩ።

ወደ እኔ።

"አክስቴ... በቀዝቃዛ ነው የገደልኳቸው።"

"ውሸትሽን ነው።" ጎንበስ ብላ አየች። "እንዴት አልሞቱም... የሰውነትሽን ሙቀት ነው የሚፈልጉት። እስቲ ወዲያ ሂጂ።"

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ዞሩ።

ወደ በሩ። ዞሩ።

አክስቴ አፍንጫዋ ሳህኑን ሊነካ ደርሷል። ወደ እሷ ግን አንድም አልዞረም።

"ለምን ወደ አንቺ አይዞሩም?"

ቀና ብላ የገዛ እጇን አየች።

"አክስቴ?"

"ጠዋት..." አለች። "ጠዋት ቀበሮውን ስነካ ጓንቴ ተቀዶ ነበር። እስቲ እጄን ያዢው።"

ያዝኳት። ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ሥጋ ነው የመሰለኝ፣ ሙቀት የሚባል የላትም።

በሌላው እጇ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ፣ ቆዳዋ ሥር፣ አንድ ቀጭን ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ቀስ ብሎ ተዘረጋ...

ወደ እኔ።