ያልተገለበጠው ድንጋይ

ሽማግሌው በጓሮው የጠጠር መንገድ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ማጅራቱ የመጨረሻው መረማመጃ ድንጋይ ላይ እንዳረፈ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪዋ ገና ከበሩ ስትገባ ደሟ ፈላ። የሟች ታናሽ ወንድም ጠጠሩን ወዲህ ወዲያ ሲያተራምስ ቆይቶ ዱካ የሚባል ነገር አላስቀረላትም። አለቃዋ ደግሞ በስልክ ይጨቀጭቃታል።

«አንሸራቶት ወደቀ፣ በቃ። ምኑን ነው የምታጓትቺው?»

«ገና መጀመሬ ነው ጌታዬ» ብላ ዘጋችበት።

ወንድምየው የሟችን ልጅ በጣቱ ጠቆመ። «የዚህች ስስት ነው የገደለው። አዲስ ድንጋይ ይገዛ ብል አሻፈረኝ አለች። ወገቤ እስኪቆረጥ ሳምንቱን ሙሉ አብሬው ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ፊቷን ከመንገዱ አዙራ የውሃው በርሜል ሥር ተቀምጣለች። «እውነቱን ነው። ያለውን አጥበን እንጠቀምበት ያልኩት እኔ ነኝ። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ማታ ማታ አግዘዋለሁ። አባቴን እኔው ገደልኩት።»

መርማሪዋን ከሁሉ ያናደዳት ይህ ነበር። መዝገቡ እንደ አለቃዋ ፍላጎት ቢዘጋ፣ ይህች ልጅ ጥፋቱን ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ልትኖር ነው።

ጎንበስ ብላ መንገዱን አየች። ጠጠሩ በአሮጌ የአልጋ ሽቦ ተነፍቶ ታጥቧል። ድንጋዮቹ ሁሉ ሻካራ ናቸው፣ በስንጥቃቸው አፈር እንደያዙ። ከሬሳው ሥር ያለው ብቻ ልሙጥ ነው።

ጎረቤትየውን፣ ጡረታ የወጣውን ሹፌር፣ ሁለቱን ግቢ ወደሚለየው ግንብ ጠጋ አድርጋ ጠየቀችው። «ከሟች ጋር ተኳርፋችሁ ነበር አሉ።»

«በግንቡ ሰበብ ነበር። ዲጂኖ ሊዋሰኝ ሲመጣ ታረቅን። ድንጋዩን አንድ በአንድ ይገለብጥ ነበር። ‹ሚስቴን የጣላት ይኼ ልሙጡ ፊቱ ነው፤ ከእንግዲህ አፈር ይይ› አለኝ።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ግንቡ ሥር የተረፈ ድንጋይ ነበር።

«እርስዎ አብረው አንጥፈዋል። እስቲ ያሳዩኝ» አለችው ወንድምየውን።

ድንጋዩን አንስቶ፣ ልሙጡን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው፤ በመዳፉም ጠረገው።

ልጅቷ ቀና አለች። «አጎቴ፣ በግልባጩ ነው እኮ።»

«አየሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች መርማሪዋ። «ጎረቤትም ያውቃሉ። አባትሽ ቢያነጥፈው ኖሮ ሻካራው ከላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ የመጨረሻውን ድንጋይ ያስቀመጠው ይህን የማያውቅ ሰው ነው።» ከሬሳው ሥር የነበረውን ልሙጥ ድንጋይ በዲጂኖ ፈነቀለችው። ከሥሩ አሸዋው ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ነበር። «ወድቆ ቢሆን ደሙ የሚፈሰው ከላይ ነው። መጀመሪያ ተመታ፤ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ተነጥፎ ጭንቅላቱ እላዩ ላይ ተደገፈ። ሳምንት ሙሉ አንጥፌያለሁ ያለው ሰው ደግሞ አንድም ቀን አላነጠፈም።»

ወንድምየው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ የደሙ ጠብታ ላይ ወደቀ። «የጋራ ውርሳችን ነው፣ እንሽጠው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። እኔ ስለምነው እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠጠር ያጥባል። ጠጠር።»

የመርማሪዋ ስልክ እንደገና ጮኸ፤ አላነሳችውም።

«እንግዲያ አላንሸራተተውም?» አለች ልጅቷ።

«አላንሸራተተውም። አንቺና አባትሽ ያነጠፋችሁት መንገድ ማንንም አይጥልም።»

ልጅቷ ተነስታ አጎቷ ያስቀመጠውን ድንጋይ በሁለት እጇ ገለበጠችው። ሻካራው ፊት ላይ ቆማ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው።