የረቢአ ምላጭ

በኅዳር ወር ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት የጨፋ ሜዳ ሣሩን ጨርሶ፣ የቦርከና ወንዝም በጠጠሩ መካከል እንደ ክር ቀጥኖ በሚፈስበት ጊዜ፣ ረሃብ ከቀዬው ያፈናቀለው ሕዝብ በከሚሴ ዳር በተተከለው መጠለያ ሰፍሮ ነበር፤ በረሃቡም ላይ ቅማል የሚያዛምተው ትኩሳት ተጨምሮ ሕፃናቱን ይፈጅ ጀመር። የጤና ረዳቱ ጓድ ከማል የሰው ሁሉ ራስ እንዲላጭ አዘዘ፤ ዳሩ ግን በመጠለያው ምላጭ አልነበረም።

ከሰፋሪዎቹ አንዷ ረቢአ ሙሐመድ ናት። አባቷ በሕይወት ሳሉ የአራስ ልጆችን የሰባተኛ ቀን ጠጉር የሚላጩ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ በስደቱ መንገድ ላይ ሲሞቱ፣ በጉብዝናቸው ከባቲ ገበያ የገዙትን ባለ ቀንድ እጀታ ምላጭ ትተውላት አለፉ። ምላጩ የአባቷ እጅ ከደከመ ወዲህ ለዓመታት ሳይነካ ተቀምጦ፣ ዝጎ አልዘረጋ ብሎ ነበር። ልጇ ሰልማ በትኩሳት ስትያዝባት፣ ረቢአ ምላጩን ይዛ ወደ ብረት ሠሪው ጀሚል ሄደች።

ጀሚል በዘይት አላቅቆ ዘረጋውና በጥፍሩ ዳሰሰው።

«ዝገቱ በልቶታል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ስንጥቅ የሚመስል አያለሁ። ብስለው ለሁለት ሊከፈልብሽ ይችላል። የአባትሽ ማስታወሻ ነው፤ እንዲሁ ብታስቀምጪው አይሻልም ወይ?»

ረቢአ የቀንድ እጀታውን በጣቷ ዳሰሰች። አባቷን ያለ ከፈን ነበር የቀበረቻቸው፤ እጃቸው የነካው ሌላ ዕቃ አልቀራትም።

«ልጄ እየነደደች ነው፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ይሳሉት። ከተሰበረም አላህ ያለው ነው።»

ጀሚል ቢስሚላህ ብሎ በመሳያው ድንጋይ ላይ ውኃ አፈሰሰ። ምላጩ ሲመላለስ ቀይ ጭቃ ወረደ፤ ስንጥቅ የመሰለውም መስመር ከዝገቱ ጋር ታጥቦ ሄደ፤ ከሥሩም የሰማዩን ብርሃን የሚመልስ ብረት ብቅ አለ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ጀሚል። «ይህን ሁሉ ዘመን ከዝገቱ ሥር እንዲህ ሆኖ ነው የተቀመጠው?»

ረቢአ አስቀድማ ሰልማን፣ ቀጥላ የጎረቤቶቿን ልጆች ላጨች፤ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ስታልፍም ምላጩን በፈላ ውኃ ትነክረው ነበር። ወንዶቹ ግን በሴት እጅ መላጨቱን አፍረው ራቅ ብለው ቆሙ። በዚህ ጊዜ አገሬው ሁሉ ጉልበታቸውን የሚስመው አዛውንቱ ሼኽ ሙሳ በምርኩዝ መጡ፤ ጥምጥማቸውን ፈትተው ከፊቷ በአፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሼኽ፣ እርስዎን በምን እጄ?» አለች ደንግጣ።

«አብሽሪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አላህ ምላጩን በማን እጅ እንዳኖረው አይቻለሁ። ላጪኝ።»

ነጩ ጠጉር በአፈሩ ላይ ሲወርድ ምላጩ ከቆዳው ጋር የሚያደርገው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሼኹ ሲነሡ ወንዶቹ አንድ በአንድ ጥምጥማቸውን እየፈቱ ተሰለፉ።

ሰልማ ዳነች፤ ያልዳኑም ብዙ ናቸው። የዚያን ክፉ ዘመን ታሪክ የጻፉት ሰዎች የመጣውን እህል በኩንታል፣ የሞተውን ሰው በሺህ ቆጥረው አቆዩልን፤ ስለ ረቢአ ግን የጻፈ የለም። በዚያ ኅዳር የተላጩት ሕፃናት ዛሬ በከሚሴ ጎዳና የሚመላለሱ፣ ጠጉራቸውም መሸበት የጀመረ ሰዎች ናቸው፤ ያኔ ነፍስ አላወቁም ነበርና፣ ራሳቸውን በመዳፏ ደግፋ የላጨቻቸውን ሴት ስም ብትጠይቃቸው አያውቁትም።