የኛ ልጅ አይደለም

ጫሊ የለም።

መምህርቷ ወይዘሪት ሸዋርጋ አውቶቡሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። ወንበር ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብላ ፈለገች። ልጆቹ ናይሮቢ የገዙት ኤሊ ብቻ ከሻንጣ መሀል አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ጫሊ ባዳሳን ማን አየ?"

ተማሪዎቹ በየመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

ጊዜው 1964 ዓ.ም. ነው። ከኬንያ የትምህርት ጉብኝት ወደ ጎባ ሲመለሱ ድንበሩን ገና መሻገራቸው ነበር። የሞያሌ ፀሐይ አናት ይበሳል። ጉዞው ከተጀመረ ወዲህ ሸዋርጋ እንቅልፍ አልነበራትም። ናይሮቢ ላይ ሦስት ተማሪዎች ገበያ ገብተው ጠፉ፤ በፖሊስ መኪና ተመለሱ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ፈልቶ ቆመ። ማርሳቢት ላይ ደግሞ ተማሪዋን ሃጂራን ትኩሳት ጣላት፤ ኬላው ላይ ሌሎቹ ሲፈተሹ ሸዋርጋ እሷን ታስታምም ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ አንድ ልጅ አልጎደለባትም።

"አይልፉ፣" አለ አቶ ገብረወልድ፣ የትምህርት ቤቱ ምክትል ዲሬክተርና የጉዞው መሪ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን አራገበ። "ልጁ ሸፍቷል።"

"ምን አሉ?"

"ወዲያ ማዶ ኬላው ጋ ስንፈተሽ፣ ያንን ቀይ ሹራቡን እንደ ለበሰ ወደ ጫካው ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። አባቱስ ጫካ የኖረ ሽፍታ አይደል? የእባብ ልጅ እባብ ነው። አሁኑኑ ለጎባ ፖሊስ በሬዲዮ አስነግራለሁ።"

"አይተው ዝም አሉ?"

"እና ልሩጥበት?"

ደሟ ፈላ። የጫሊን አባት ባዳሳን ታውቀዋለች፤ ጎባ አጠገብ የሲናና ገበሬ ነው። የተነሡ ዕለት የልጁን እጅ ይዞ በእጇ ላይ አኖረና "አደራሽን" ብሏት ነበር።

ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ሃጂራ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። የተጠቀለለችበት ቀይ ሹራብ ነው።

"ይህን ማን ሰጠሽ?"

"ጫሊ፣ ቲቸር። ማርሳቢት ብርድ ብርድ ሲለኝ አለበሰኝ። ከዚያ ወዲህ ከላዬ አልወረደም።"

ሸዋርጋ ዘላ ወረደች። አቶ ገብረወልድ ወደ ፖሊስ ጣቢያው እያመራ ነበር።

"አቶ ገብረወልድ! ምን ለብሶ ነበር አሉኝ?"

"ቀይ ሹራብ አልኩዎ እኮ!"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ዓይኔ ገና አልፈዘዘም።"

ወደ ሾፌሩ ዞረች። "ጋሽ ማሜ፣ እኔ ሳልመለስ ንቅንቅ እንዳይሉ።"

ድንበሩን በእግሯ ተሻግራ ወደ ኬንያ ተመለሰች።

በኬንያ በኩል ኬላው ላይ የቆመው ፖሊስ ቦረና ነበር። ጎባ ተወልዳ ባደገችበት ኦሮምኛ "አካም ጅርታ?" ብላ ሰላም አለችው። ፊቱ ፈካ።

"አንድ ቀጭን ተማሪ ጠፍቶብኝ ነው።"

"ቀጭን ልጅስ አለ። ግን ተማሪ አይደለም፣ ሽፍታ ነው።"

"ማን አለ?"

"የእናንተው ጌታ። የሁላችሁንም የይለፍ ወረቀት የያዙት፣ ባለ ባርኔጣው። 'የኛ ልጅ አይደለም፤ መንገድ ላይ ተንጠላጥሎብን ነው' አሉን። ያዝነው።"

የእስር ክፍሉ በር ተከፈተ። ጫሊ ድምፁ ተዘግቷል።

"ቲቸር፣ ተጣራሁ እኮ። አውቶቡሱ ሲሄድ ተጣራሁ።"

ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችው።

"አቶ ገብረወልድ አንተን ለምን ፈለገህ?"

"እኔን አይደለም፣ የአባቴን መሬት ነው። 'ለአማቴ የተሰጠ ርስት ነው' ብሎ ከሶታል። አባቴ ከጫካ በምሕረት ነው የገባው። ልጁ ሸፈተ ከተባለ ምሕረቱም መሬቱም ቀረ።"

ሸዋርጋ ወደ ፖሊሱ ዞረች። "እስከ ድንበሩ አብረኸን ና። ልጆቹን ራስህ ጠይቃቸው።"

መጠየቅ አላስፈለገም። ጫሊን ከሩቅ ሲያዩ ተማሪዎቹ ስሙን እየጠሩ ተንጋግተው መጡ። ፖሊሱ የልጁን ክንድ ለቀቀ።

በጩኸቱ የኢትዮጵያ ኬላ አዛዥ መቶ አለቃ ገብረ ሥላሴ ከጣቢያው ወጣ። አቶ ገብረወልድ ተከትሎታል።

"መቶ አለቃ፣ መልእክቱ ሄደ?" አለች ሸዋርጋ።

"ሊሄድ ነው።"

"እንግዲያው ሽፍታው ይኸውልዎ።"

አቶ ገብረወልድ ፊቱ አመድ መሰለ። "ግርግር ነበር... ልጁን አለየሁትም..."

"ሦስት ዓመት ያስተማሩትን? ልጁን ሳይለዩ ሹራቡን ለዩት? ሹራቡ እኮ ሃጂራ ላይ ነው ያለው!"

ቦረናው ፖሊስ ጣቱን ቀሰረ። "እኚህ ናቸው ያስያዙት።" ሸዋርጋ ተረጎመችው።

መቶ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። "ወይዘሪት፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ጎባ ሄዳችሁ በሽማግሌ ብትጨርሱት..."

"ሽማግሌ? አባትየውን ከመሬቱ ሊነቅለው ሲያሴር ሽማግሌ ጠርቶ ነበር? ቃሌን ይጻፉ! እርስዎ ባይጽፉ ጎባ የሚጽፍ አላጣም።"

ተማሪዎቹ መቶ አለቃውን ከበውት ቆሙ። አንድም ወደ አውቶቡሱ የተመለሰ የለም። መቶ አለቃው ቃሏን ጻፈ፤ አቶ ገብረወልድንም እዚያው አሰረው።

ብዙም አልታሰረም። ዘመዶቹ በዋስ አስፈቱት። ወዲያው በሌላ ጠቅላይ ግዛት ከዚያ በሚበልጥ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ ተባለ። የመሬቱ ክስ በተሰማ ቀን ግን ሸዋርጋ ተማሪዎቿን አስከትላ ጎባ ፍርድ ቤት ገባች። ባዳሳን ሽፍታ ለማለት የደፈረ አልነበረም። መሬቱ ጸናለት።

ሲወጡ ባዳሳ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሊስም ጎንበስ አለ። ቀና አደረገችው።

"አያመስግኑኝ፣ ኦቦ ባዳሳ፣" አለች፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። "ሰውዬው ዛሬም የሰው ልጅ እያስተማረ ነው።"