ዋይፋይ የማያሳልፍ ግድግዳ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ጥግ ይዤ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሙት አናገረኝ፣ ጥላ አየሁ፣ ማንም በሌለበት ስሜ ተጠራ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ስንት ጠጥተህ ነበር?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ሥራዬም ራሱ እንደዚያ እንዳምን አይፈቅድልኝም፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሞባይልና ኮምፒውተር ስጠግን ነው የኖርኩት፣ በዚህ ሥራ ደግሞ ያለምክንያት የሚበላሽ ነገር የለም፣ ወይ ሽቦው ላልቷል፣ ወይ ውሃ ገብቶበታል፣ ወይ ባለቤቱ ነካክቶት «እኔ አልነካሁትም» እያለ ነው። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ እኔም በናንተ ቦታ ብሆን አላምንም።

ያ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ዘመን ነው፣ ዋይፋይ ቤቱ ያስገባ ሰው እንደ ባለመኪና የሚታይበት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጌታነህ የሚባል የሞላሌ ሰው ካርቶን ታቅፎ ሱቄ መጣ። ከፍተን ስናየው ሲም ካርድ የሚገባበት የዋይፋይ ራውተርና ከነፕላስቲኩ ያለ ትልቅ ታብሌት ነው፣ ኩዌት የምትሠራው እህቱ ፀዳለ በሰው የላከችው። «ቤት ድረስ መጥተህ ግጠምልን፣ ታብሌቱም፣ የእኔና የእናቴም ስልክ፣ ቴሌቪዥኑም ሁሉም በአንዱ እንዲሠራ» አለኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ የመጣለት ሰው ፊቱ ይፈካል፣ የጌታነህ ፊት ግን ዱቤ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ነበር።

ነገሩን የነገረኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። «አባዬ ሞቷል» አለኝ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ። «ፀዳለ አልሰማችም።»

መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ለሩቅ ሰው በስልክ «አባትሽ ሞቷል» አይባልም፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ተሄዶ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገብ ተደርጎ ነው የሚነገረው። እሷ ደግሞ ያለችው በሰው ሀገር፣ በሰው ቤት ነው። «ብቻዋን ብትሰማው ማን ይይዛታል? ራሷን አንድ ነገር ብታደርግስ?» አለኝ ጌታነህ። እናም ከቀብሩ ጀምሮ አባቴን አገናኙኝ ባለች ቁጥር ጆሮው ከብዶታል፣ በስልክ አይሰማም እያሉ ሲያልፏት ቆዩ፣ እሷም የዋህ ናትና ባይሰማኝ እንኳ ፊቴን ይየው ብላ ይህን ታብሌት ላከች፣ አልጋው አጠገብ ይሁንለት ብላ።

«ታዲያ ለምን ታስገጥመዋለህ?» አልኩት።

«ባላስገጥመውስ ምን እላታለሁ?»

ካርቶኑን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩለት።

ቤታቸው ከሞላሌ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚሆን። ጌታነህ የገዛ ቤቱ ሆኖ ሳለ ደጁ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» አለ፣ ከውስጥ «ደጆች!» ተባለለት፣ ከዚያ ነው የገባነው። ዓይኔን አይቶ «አባዬ ነው ያስለመደን፣ ቤቱ ማንም ዘው እንዲልበት አይወድም ነበር» አለኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኩ፣ ምን እንደሚከተል በምን ላውቅ።

እናቱ እማማ አስካለ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ተቀበሉኝ። ገና ካርቶኑን ስፈታ አጠገቤ መጥተው ቆሙና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ልብስም ያሳያል?» አሉኝ።

«ያሳያል እማማ፣ ሁሉንም ነው የሚያሳየው።»

ሄዱና ነጭ ቀሚስ ለብሰው ተመለሱ፣ ጥቁሩን ግን አላወለቁትም፣ ነጩን ከላይ ደረቡት እንጂ፣ ከታች የጥቁሩ ጫፍ ይታያል። እንዳላየ ሆኜ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ አንጀቴን ግን በሉት።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም፣ ሲሙን ከትቼ ራውተሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው፣ የይለፍ ቃል አወጣሁ፣ የጌታነህን ስልክ አገናኘሁ፣ የእማማን አገናኘሁ፣ ቴሌቪዥኑም ትንሽ አስቸግሮኝ ከሁለት ጊዜ ሙከራ በኋላ ገባ፣ ታብሌቱ ላይም ለቪዲዮ ጥሪ ኢሞ ጭኜ ጌታነህ ቁጥሩን ለፀዳለ ላከላት። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ማታ እንደምትደውል መለሰች። ታብሌቱ ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር «የት ልሰካው?» ስል ጌታነህ ወደ ውስጠኛው ክፍል አመለከተኝ፣ የአባቱ መኝታ ነው፣ ትርፍ ሶኬት ያለውም እዚያ ነው።

ብቻዬን ገባሁ። ባዶ ክፍል ነው ብዬ «ቤቶች»ም አላልኩ፣ አንኳኩቼም አልገባሁ። አልጋው ተነጥፏል፣ ባናው፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱ፣ ታጥፎ ከግርጌ ተቀምጧል። በሩን ዘግቼ ታብሌቱን ሳየው ዋይፋዩ ድርግም ብሏል፣ ደረጃውን ቀንሶ ቢሆን እሺ፣ ጭራሽ ጠፍቷል፣ ወደ በሩ ተጠጋሁ የለም፣ ከፍ አደረግሁት የለም፣ ያንን የድንጋይ ግድግዳ አልፎ አንዲት ፍንጣሪ አልመጣችም። ተናደድኩና ለራሴ፣ በዝግታ፣ «ይሄን ግድግዳ የሠራው ሰውዬ መድፍ ይመጣብኛል ብሎ ነው እንዴ» አልኩ። በሩ ተዘግቷል፣ እመኑኝ፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ድምፄም ከአፌ እምብዛም አልወጣም። ለባትሪው ይሁን ብዬ ታብሌቱን ሰክቼ ትራሱ ላይ በግንባሩ ደፋሁትና በሩን መልሼ ዘግቼ ወጣሁ።

ሳሎን ተመልሼ ስቀመጥ ነው ራውተሩን ያየሁት። የዋይፋዩ መብራት ይርገበገባል፣ ዝም ብሎ የሚርገበገበው ዓይነት አይደለም፣ አንድ ሰው ቪዲዮ ሲያይ ወይም ሲያወራ የሚሆነው ዓይነት ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ሁለቱም ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የስልኮቹን ዋይፋይ አጠፋሁ፣ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቀልኩ፣ መብራቱ እንደዚያው ነው። ታብሌቱ ነው እንዳልል አሁን በዓይኔ አይቼ መጥቻለሁ፣ እዚያ ክፍል ምንም አይደርስም። አዲስ ዕቃ ነው፣ ይኖርበታል ብዬ የስልኮቹን ዋይፋይ መልሼ አብርቼ ተውኩት።

ከዚያ ሳል ሰማሁ። ደረቅ፣ አጭር፣ የሽማግሌ ሳል፣ ከውስጠኛው ክፍል። ቀጥሎ ዝቅ ያለ የወሬ ድምፅ፣ ቃሉ አይለይም፣ ግን እንደሚወራ ይታወቃል። እማማ አስካለ ያወሩ የነበረውን አቋረጡና ወለል ወለሉን ማየት ጀመሩ።

«ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አልኩ።

«ማንም የለም» አለ ጌታነህ፣ ቶሎ ብሎ። እሱም ሰምቷል፣ ፊቱ ያስታውቃል።

እኔ አላምንም ብያችሁ የለ፣ ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ሰው የለም። ታብሌቱ ግን ደፍቼ ከተውኩበት ትራስ ላይ ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ መስታወቱ ወደ አልጋው ነው፣ ነካ ሳደርገው ይሞቃል። ባትሪ ሲሞላ ይሞቃል አልኩ። አቁሜው ሄጄ ይሆናል፣ ረስቼው ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፀዳለ በእማማ ስልክ ደወለች፣ በቪዲዮ። ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፌ አቆምኩላቸውና ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። ቀጭን፣ ፈገግታዋ ከእናቷ የተቀዳ ልጅ ናት፣ የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም።

«እማዬ፣ ነጭ ለብሰሽ!» አለች።

«ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ» አሉ እማማ፣ ድምፃቸውን ለማስተካከል ሲታገሉ ይታያል።

ጌታነህ እስክትጠይቅ አልጠበቀም፣ በቃሉ ያጠናውን አወረደው፣ «አባዬ ጸበል ሄዷል፣ ከአጎቴ ጋር ወደ መርሐቤቴ ወርደዋል፣ ሳይሰነብቱ አይመለሱም፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም።» በዚያ ብርድ ያልበዋል።

ፀዳለ ትክ ብላ አየችው። «ምን ያስዋሽሃል ጌትዬ፣ አሁን አይደል እንዴ ከአባዬ ጋር አውርተን የጨረስነው?»

«በምን?»

«በታብሌቱ ነዋ። አልጋው ላይ ሆኖ። ትንሽ ያስለዋል እንጂ ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም እኔን ይሰማኛል።»

እኔ ያኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ ይህች ልጅ ሰምታለች፣ አንድ የመንደር ሰው ነግሯታል፣ ጭንቅላቷን ነክቷታል ብዬ ነው ያሰብኩት፣ አዘንኩላት። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ «የገጠመላችሁ ሰውዬ አለ?» አለች። ጌታነህ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። «አባዬ ስቆብሃል። ይሄን ግድግዳ የሠራው ሰውዬ መድፍ ይመጣብኛል ብሎ ነው እንዴ ብለሃል አሉ። ግድግዳውን የሠራሁት ለብርድ ነው በይው ብሎሃል።»

ጌታነህ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ብለህ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

እማማ አስካለ ግን አልፈሩም። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «እኔንስ?» አሉ። «ለእኔስ ምን አለሽ?»

የፀዳለ ፈገግታ ለአፍታ ሊፈርስ ሲል አየሁት፣ ወዲያው መለሰችው። «ነጭ ያምርባታል፣ አታውልቀው አለ።»

እማማ እጃቸውን ሰደዱና የነጩን ቀሚስ ጫፍ ወደ ታች ጎተቱ፣ ጥቁሩ እስኪሸፈን ድረስ። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ከመሄዴ በፊት ታብሌቱን አምጥቼ ፈተሽኩ፣ ሥራዬ ነውና። ኢሞው ላይ የገባ ጥሪ የለም፣ የወጣም የለም። በሩን ዘግቼ ደግሜ ሞከርኩት፣ ዋይፋይ አንድም የለም። ጌታነህ ሚኒባስ ድረስ ሸኘኝ፣ ሁለታችንም ስለ ጉዳዩ አላነሳንም፣ ስለ ገብሱ አዝመራ አወራን።

ወራት አልፈው ጌታነህ የስልኩን መስታወት ሊያስቀይር ሱቄ መጣና ስሠራለት ቆሞ ነገረኝ። መርዶዋን አርድተዋታል። ኩዌት ያሉ የሀገራችን ልጆች በእረፍት ቀኗ አንዷ ጓደኛዋ ቤት ማለዳ ጠሯት፣ ጠንካራ ጠንካራዎቹ ሊይዟት በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። እሷ ግን ስትመጣ ካባዋን አወለቀች፣ ከስር ጥቁር ለብሳለች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«አትጨነቁ አለቻቸው። አባዬ ራሱ ነግሮኛል፣ ታብሌቱ የተገጠመ ቀን፣ ፈርተውልሽ ነውና እስኪነግሩሽ ድረስ እንዳልሰማሽ ሁኚላቸው ብሎኛል አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ ያዟት።» ጌታነህ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ስንት ወር ሙሉ እኛ እሷን ስናታልል እሷ እኛን ስታባብለን ነበር።»

«እናትህስ?»

«ጥቁሩን ካወለቀች ሰነበተች። ዓመት ሳይሞላ ብሎ ሰው ያማታል፣ አትሰማም። ማታ ማታ ታብሌቱን ይዛ እዚያ ክፍል ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች።»

«እዚያ እኮ ዋይፋይ አይደርስም።»

«ነግሬያታለሁ» አለኝ።

እኔ አሁንም አላምንም። አንድ ምክንያት ይኖረዋል፣ አላገኘሁትም እንጂ። ግን ለሥራ ሰው ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ ባዶ ነው የተባልኩት ክፍል ውስጥ እንኳ ቢሆን፣ ሳልገባ በሩ ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ «ቤቶች» እላለሁ፣ ባለቤቶቹም ይስቁብኛል። ከዚያ ትንሽ እጠብቃለሁ። እስካሁን «ደጆች» ያለኝ የለም፣ ቢሆንም እዚያ ውስጥ ሆኜ ስለማንም ግድግዳ ክፉ አልናገርም።